የእድፍ መርማሪው ቃል

በዚያች ከተማ ሰዎች ሲገናኙ «እንደምን ዋልክ» አይባባሉም ነበር። «የት ደረስክ?» ነው የሚባባሉት። የተጠየቀው ሰው አንድ የገጽ ቁጥር ይናገራል። ጠያቂው ቁጥሩን ሰምቶ የተናጋሪውን አውራ ጣት አጮልቆ ያያል። ቁጥሩን የሚያምን አልነበረም።

እኔ በከተማዋ ንባብ ቤት ሃያ ስድስት ዓመት የእድፍ መርማሪ ሆኜ ሠርቻለሁ። ያየሁትን እንዳየሁት እጽፋለሁ፤ የሰማሁትን «ሰማሁ» ብዬ እለያለሁ።

ሕጉን አስቀድሜ ላስረዳ። በሸንጎ ስለ አንድ ጉዳይ መናገር የሚሻ ሰው ስለዚያ ጉዳይ የተጻፈውን መጽሐፍ አንብቦ መጨረስ አለበት። ስለ ገበያ የሚናገር የገበያውን መጽሐፍ፣ ስለ መንገድ የሚናገር የመንገዱን። ሕጉ መልካም ነው። ጥያቄው ሰውየው ማንበቡ በምን ይታወቃል የሚለው ነበር። የቀድሞ ሰዎች መከሩበት። ያነበበ ሰው ገጽ ይገልጣል፤ ገጽ የገለጠ ጣት እድፍ ይተዋል፤ ስለዚህ እድፍ ያለበት ገጽ የተነበበ ገጽ ነው ብለው ቆረጡ። እድፉን አይቶ የሚመሰክር ሰው ሲያስፈልግ የእኔ ሥራ ተፈጠረ።

መጽሐፍ ከንባብ ቤት ሲወጣ የነበረበትን እድፍ እመዘግባለሁ። ሲመለስ በአጉሊ መነጽር አዲሱን እለያለሁ። እስከ መጨረሻው ገጽ እድፍ ካገኘሁ የምስክር ወረቀት እጽፍና በቀኝ አውራ ጣቴ አትምበታለሁ። ሌላ ማኅተም አልነበረኝም። ጽሑፉን ማየት ለመርማሪ ክልክል ነው፤ የጽሑፉ ነገር ልቡን ያዘነብለዋል ተብሎ ይታመናል። ስለዚህ የገጹን ጥግ ብቻ የሚያሳይ ካርቶን ቆርጬ እሱን እያስቀመጥኩ ነበር የምሠራው። በሃያ ስድስት ዓመት አንድ መስመር አላነበብኩም።

በሙያዬ አልታማም። ከእድፉ የሰውየውን ሥራ እለያለሁ። የሥጋ ቤት ሰው እድፍ ዳሩ ያበራል። የጫማ ሠሪ እድፍ እንደ ድርቅ መሬት ይሰነጣጠቃል። ፀጉር አስተካካይ ባነበበው ገጽ ላይ አንድ ሁለት ፀጉር አይጠፋም። እጁን የሚታጠብ ሰው ግን ይጠረጠር ነበር፤ ምን ሊደብቅ ነው? በግቢያችን የነበረችው የውሃ ቧንቧ ከእኔ በፊት በነበረው መርማሪ ዘመን ተነቅላለች።

በክፍያ የሰው መጽሐፍ እየገለጡ እድፍ የሚያኖሩ ጣት አከራዮች እንዳሉ ሰምቻለሁ። ከሁሉም የሚነሣው የሳምቡሳ ጠባሹ የወንድይፍራው ስም ነበር። እሱ ከመጥበሻው ይልቅ በጣቱ ነው የሚኖረው ይሉታል። በአንድ ዓመት ከመረመርኳቸው ሠላሳ አንድ መጻሕፍት ዐሥራ ዘጠኙ ሳምቡሳ ሳምቡሳ ሸተቱኝ። ይህንን ለባለ ደወሉ አመለከትኩ። ባለ ደወሉ የሸንጎው ሰብሳቢ ናቸው፤ ማን እንደሚናገርና ማን እንደሚበቃው በእጃቸው ባለው ደወል የሚወስኑት እሳቸው ናቸው።

«ሕዝባችን ሳምቡሳ ይወዳል» አሉኝ። መልሳቸውን መዘገብኩት።

ነገሩ እንዲህ ሆኖ ሳለ ምንውየለት የሚባል ሰው ከሩቅ አገር ተምሮ መጣ፤ የመስታወት መጽሐፍም አመጣ። ሰሌዳው ከመዳፍ ብዙም አይበልጥም፤ በውስጡ የንባብ ቤቱ መጻሕፍት ሁሉ አሉ። ከተማዋ በአንድ ሳምንት ለሁለት ተከፈለች። የወረቀት ወገን «መጽሐፍ ሽታ አለው፣ ባትሪ አይጨርስም፣ ሲወድቅ አይሰበርም» ይላል። የመስታወት ወገን «ፊደሉ ለደከመ ዓይን ይተልቃል፣ ሺህ መጽሐፍ ትከሻ ሳያጎብጥ ይዞራል» ይላል። ሁለቱም እውነታቸውን ነበር። ሽማግሌዎች ለጋብቻ ሲላኩ መጀመሪያ የሚጠየቁት የልጁን ወገን ሆነ። አንድ ሽቶ ሻጭ የአሮጌ መጽሐፍ ሽታ በብልቃጥ መሸጥ ጀመረ። እኔ ሰባት ወር ሙሉ ክርክሩን አዳመጥኩ። አንድም ሰው አንድም መጽሐፍ ምን እንደሚል ሲጠቅስ አልሰማሁም።

የምንውየለት ጠረጴዛ በንባብ ቤቱ አዳራሽ ከእኔ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ተቀመጠ። የሱ ሰሌዳ እድፍ አያስፈልገውም። ጣት ሲነካው ገጹን ይገልጣል፤ ስንት ገጽ እንደተገለጠም ራሱ ይመሰክራል። በመጀመሪያው ወር ባለ ደወሉ በዘጠኝ ቀን ሦስት መቶ መጽሐፍ ማንበባቸው ታወጀ። ወንድይፍራው ሁለተኛ ሱቅ መክፈቱን የሰማሁት በዚያው ወር ነው። ለመስታወቱ ሥራ ጣቱን በፎጣ ይጠርጋል አሉ።

ከዚያ ወይዘሮ ደብሪቱ መጡ።

ወይዘሮ ደብሪቱ በታችኛው ሰፈር የሚኖሩ ክር አቅላሚ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከሰማያዊ ቀለም ጋር ስለኖሩ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሰማያዊ ነው። ስለ ከተማዋ ደረቅ ቦይ የተጻፈውን የቦዩን መጽሐፍ በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ጠረጴዛዬ ላይ አኖሩት። ከእሳቸው በቀር ያን መጽሐፍ ተውሶ የሚያውቅ የለም። ከዚህ በፊት አራት ጊዜ አምጥተውት አራት ጊዜ መልሻቸዋለሁ።

«የት ደረሱ?» አልኳቸው።

«ጨርሼዋለሁ። አምስተኛ ጊዜዬ ነው።»

ሦስት መቶ አርባውን ገጽ አንድ በአንድ አየሁ። ጥጉ ሁሉ ከጠራዡ እጅ አሁን የወጣ ይመስላል።

«ወይዘሮ ደብሪቱ፣ እጅዎ ሰማያዊ ነው።»

«ነው።»

«መጽሐፉ ላይ ግን አንዲት ሰማያዊ ነጥብ የለችም።»

«ተመስገን!» አሉ።

«ይህ ማለት አልነኩትም ማለት ነው።»

«እንዳላቆሽሸው ተጠንቅቄ ነዋ! አባቴ ጠራዥ ነበር። በአባቴ ቤት መጽሐፍ ያቆሸሸ ልጅ እራት አይቀምስም።»

«እዚህ ደግሞ ያላቆሸሸ በሸንጎ አይናገርም።»

ወንበሩን ሳቡና ሳልጋብዛቸው ተቀመጡ። «ስሙኝ። ለመስታወት መጽሐፉ የታሰበውን አዲሱን አዳራሽ ደረቁ ቦይ ላይ ሊሠሩት ነው አይደል? ቦዩን ሞልተው፣ ደፍነው። ቦዩ ደረቀ እንጂ አልሞተም። ላይ ያለው ኩሬ በሃያ ዓመት አንዴ ሞልቶ ይገነፍላል፤ ያን ጊዜ መውረጃው እሱ ብቻ ነው። ከተዘጋ ውሃው የእኛን ሰፈር ነው የሚበላው። አርባ ቤት! ካለፈው ሙላት ዘንድሮ ዐሥራ ዘጠነኛው ዓመት ነው። ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድ ላይ…»

«አይንገሩኝ!» ብዬ ሁለቱንም ጆሮዬን ያዝኩ። «መርማሪ የጽሑፉን ነገር አይሰማም።»

«ጆሮዎን ቢይዙም ውሃው ይመጣል» አሉኝ። ጆሮዬን ይዤም ሰማኋቸው።

ሸንጎው ስለ አዳራሹ የሚቀመጥበት ቀን ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። ወይዘሮ ደብሪቱ መጽሐፋቸውን አንሥተው ወደ ፊት ለፊቱ ጠረጴዛ ተሻገሩ። ምንውየለት ሰሌዳ ሰጣቸው። እዚያው አግዳሚው ላይ ተቀምጠው አራት ቀን ሞከሩ። ጣታቸው ከቀለሙ ጋር ሲኖር እንደ ቆዳ ደርቋል፤ መስታወቱ አልሰማውም። ገጹ አልገለጥ ሲላቸው ከመጀመሪያው ገጽ ጋር ተፋጠው ይቆያሉ፤ ሰሌዳው ደግሞ ሰው የለም ብሎ ይጨልማል። በአምስተኛው ቀን ምንውየለት የሰሌዳውን ምስክርነት አነበበላቸው።

«እማማ፣ ሰሌዳው አይሳሳትም። እርስዎ የሉም ይላል።»

«እንዴት የለሁም? ይኸው ቆሜ እያናገርኩህ!»

«እዚህ አሉ። ሰሌዳው ላይ ግን የሉም።» ከዚያ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለመሆኑ እርስዎ የወረቀት ወገን ነዎት ወይስ የመስታወት?»

«ልጄ፣ ወረቀት ላይም መስታወት ላይም ውሃው ቁልቁል ነው የሚወርደው።»

ምንውየለት «ወገኗ ያልታወቀ» ብሎ ጻፈ። ከዚያ ቀን ጀምሮ የወረቀት ሰዎች የመስታወት ሰላይ ናት፣ የመስታወት ሰዎች የወረቀት ሰላይ ናት ሲሏቸው ሰምቻለሁ። እኔም ጠረጠርኳቸው። ነገር ግን ጥርጣሬዬ አንድ ችግር ነበረበት፤ አምስት ጊዜ የሚዋሽ ሰው ቢያንስ በሁለተኛው ውሸቱን ያሻሽላል። አንዲት ሰማያዊ ነጥብ ማኖር ምን ያቅታቸው ነበር?

በደንባችን መርማሪ የሚያየው መጽሐፉን እንጂ አንባቢውን አይደለም። ይህን ደንብ ጥሼ ሁለት ቀን ከሰዓት በኋላ ቤታቸው ሄድኩ፤ ሰዓትና ማስታወሻ ይዣለሁ። የጻፍኩት ይህ ነው።

ብርሃን ፍለጋ በራቸው ላይ ይቀመጣሉ። መጽሐፉን በነጭ ጨርቅ ላይ ያኖሩታል። ጣታቸውን አያስጠጉትም፤ ገጹን የሚገልጡት በቀጭን የሸንበቆ ስንጣሪ ነው፤ ከላይኛው ጥግ አስገብተው ወረቀቱን እንደተኛ ሕፃን ያዞሩታል። አንዱ ገጽ በአማካይ ዐሥራ አንድ ደቂቃ ይወስድባቸዋል። ዘጠና ስድስተኛው ገጽ ላይ ሳቁ።

«ምን ያስቃል?» አልኩ። እንዲህ ያለ ጥያቄ ከአፌ ወጥቶ አያውቅም ነበር።

«ይሄ የጻፈው ሰውዬ ነዋ! ቦይ ሲቆፈር አማቹ ሸሽቶበት ኖሯል። ስለ ድንጋይ አደራደር ጀምሮ አማቹን መስደብ ገባ። ሁለት ገጽ ሙሉ!»

አንድ መቶ አርባኛው ገጽ ላይ ዓይናቸውን በትከሻቸው ጠረጉ። በቁፋሮው የሞቱት ሰዎች ስም ተዘርዝሮ ነበር። እኔ በሃያ ስድስት ዓመት የሚስቅ እድፍ አላየሁም፤ የሚያለቅስም አላየሁም። ይህንን ጻፍኩና ከሥሩ ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

በዚያ መሐል ወንድይፍራው ትሪ ይዞ በአጥሩ ብቅ አለ። እኔ ከበሩ ጀርባ ስለነበርኩ አላየኝም።

«እማማ ደብሪቱ፣ እኔ እያለሁልዎ ምን ያስጨንቅዎታል? ሦስት መቶ አርባ ገጽ ለኔ ምኔም አይደል። ዘይቱ ሳይቀዘቅዝ እጨርሰዋለሁ!»

«ሂድ ወዲያ! ጣትህን ከደጄ አርቅ!»

«በነጻ እኮ ነው፤ እኔም ቤቴ እታች ነው…» አለና አየኝ። «ውይ፣ መርማሪ! እኔ እንኳ… ሳምቡሳ ይቀምሱ እንደሆነ ብዬ ነው።»

አንድ ቀመስኩ። ሽታውን አወቅሁት።

ስወጣ ደጃፉ ላይ ካለው ማሰሮ አንድ ቁንጥር ደረቅ ሰማያዊ ቀለም በወረቀት ጠቅልዬ ኪሴ ከተትኩ። ለምን እንደወሰድኩ ማስታወሻዬ ላይ አልጻፍኩም።

ሸንጎው ሊቀመጥ ሁለት ቀን ሲቀረው ወይዘሮ ደብሪቱን «መጽሐፉን ለስድስተኛ ጊዜ ልመርምረው» አልኳቸውና አመጡልኝ። በምሳ ሰዓት በሩን ቆልፌ ቀለሙን አወጣሁ። ውሃ የነካው ቀለም ወረቀት ስለሚበላ ደረቁን ዱቄት ብቻ ተጠቀምኩ። ሰው ሲጀምር ይጫናል፤ መሐል ላይ ይደክማል፤ መጨረሻው ሲቀርብ ደግሞ ይበረታል። እኔም እንደዚያው አደረግሁ። ሲርባቸው የሚፈጥኑበትን ገጽ፣ ጎረቤት ሲጠራቸው የሚያቋርጡበትን ገጽ ሁሉ አስቤ አስቀመጥኩ። ከሠራሁት ሥራ እንደዚያ ያማረ የለም። የምስክር ወረቀቱን ጻፍኩ፤ አውራ ጣቴን ጠርጌ ጥቁር ቀለም ነክሬ አተምኩበት። ያላሰብኩት ነገር አንድ ብቻ ነበር።

የሸንጎው ዕለት ሦስት መቶ ያህል ሰው ተቀምጧል። ወረቀቶቹ በቀኝ፣ መስታወቶቹ በግራ። ባለ ደወሉ የምስክር ወረቀቱን አንብበው «ወይዘሮ ደብሪቱ ይናገሩ» አሉ። ወይዘሮ ደብሪቱ ተነሥተው መጽሐፉን ገለጡ። ጥጉን አዩ።

«መጽሐፌን! ማነው መጽሐፌን እንዲህ ያደረገው?» ብለው ጮኹ።

አዳራሹ አጉረመረመ። ምንውየለት ከተቀመጠበት ብድግ አለ። «ባለ ደወል፣ ይፈቀድልኝ፤ የወረቀት ምስክርነት ምን ያህል እንደሚታመን ላሳይ።» በሰሌዳው እድፉን ፎቶ አንሥቶ ግድግዳው ላይ አተለቀው። አጠገቡ የምስክር ወረቀቱን ማኅተም አኖረ። በሰማያዊውም በጥቁሩም ያው ክብ፣ ያው መስመር፣ በልጅነቴ ቢላዋ የቆረጠኝ ያው ጠባሳ ነበር። ከተማው ሁሉ ያን ጣት ያውቀዋል፤ በየቤቱ ግድግዳ ላይ በየምስክር ወረቀቱ ተሰቅሏል።

ባለ ደወሉ ደወላቸውን አነሡ።

«ሕግ ሕግ ነው» አሉ። «እድፉ የመርማሪው ከሆነ መጽሐፉን ያነበበው መርማሪው ነው። መርማሪው ይናገር።» ደወሉን መቱ።

ተነሣሁ። «ወይዘሮ ደብሪቱ እንደነገሩኝ ቦዩ…»

ደወል። «የነገሩህን አይደለም፤ ያነበብከውን።»

መጽሐፉን ከእጃቸው ተቀብዬ ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድን መፈለግ ጀመርኩ።

ደወል። «በሸንጎ ማንበብ ክልክል ነው። ሸንጎ የሚመጣው አንብቦ የጨረሰ ነው።»

መጽሐፉን ዘጋሁት። «አላነበብኩትም» አልኩ።

በዚያ አዳራሽ ይህን ቃል የተናገረ ሰው አልነበረም። ማንም አልሳቀም፤ ማንም አልተቆጣም። ሦስት መቶ አውራ ጣት በአንድ ጊዜ ወደ ጡጫ ውስጥ ሲገባ አየሁ።

ባለ ደወሉ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ውሳኔውን አስመዘገቡ። «ያነበበው አልተናገረም። ልትናገር የመጣችው አላነበበችም። ስለዚህ ተቃውሞ የለም።»

እኔ በዚያው ቀን ከሥራ ተሰናበትኩ። መጽሐፉን «ጥፋትህን ይዘህ ሂድ» ብለው ሰጡኝ። ወይዘሮ ደብሪቱ ግን ወደ ቤታቸው አልገቡም። በታችኛው ሰፈር በየግቢው እየዞሩ ገጽ ሁለት መቶ ዐሥራ አንድን በቃላቸው ተናገሩ። በሰው ግቢ ለመናገር ማኅተም አያስፈልግም፤ ይህን ሕጉ ረስቶታል። በመጀመሪያ አልጋውን ተሸክሞ ወደ ኮረብታው የወጣው ወንድይፍራው ነው። ሌሎቹም ተከተሉት። የላይኛው ሰፈር ሰዎች በረንዳ ላይ ቆመው «የት ደረሳችሁ?» እያሉ ይሳለቁባቸው ነበር።

ቦዩ ተደፈነ። አዳራሹ ተሠራ። የንባብ ቤቱ መጻሕፍትም አሮጌ ዕቃ ስለሆኑ ወደ አዳራሹ ምድር ቤት ወረዱ። አዳራሹ በተመረቀ በሃያ ሦስተኛው ቀን ኩሬው ገነፈለ።

ውሃው አዳራሹን አልፎ አርባውን ቤት ወሰደ። ቤቶቹ ባዶ ስለነበሩ ሰው አልሞተም። አዳራሹ ውስጥ ያየሁትን ልጻፍ። ሰሌዳዎቹ ውሃው ላይ በጀርባቸው ተንሳፍፈው ያበራሉ። ውሃው እንደ ጣት እየነካካቸው ገጽ ይገልጥ ነበር፤ ገጽ ገጽን ይከተላል። ጠፍተው እስኪያልቁ ድረስ በከተማዋ ታሪክ ከፍተኛው ንባብ ተመዘገበ። በምድር ቤት ያሉት መጻሕፍት ደግሞ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ገጽ በጭቃ አድፈው ተገኙ። በሕጉ መሠረት ሁሉም ተነብበዋል።

ሸንጎው ጎርፉ የመጣው በወረቀት ምክንያት ነው ወይስ በመስታወት የሚለውን የሚያጣራ ጉባኤ አቁሟል። ጉባኤው እስካሁን እንደተቀመጠ ነው ብለው ነግረውኛል፤ ሄጄ አላየሁም።

የቦዩን መጽሐፍ ይዤ ወደ ኮረብታው ወጣሁ። ወይዘሮ ደብሪቱ መጽሐፉን ተቀብለው እድፉን ገጽ በገጽ አዩት። ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን አንድ ቁራሽ የደረቀ ዳቦ አንሥተው እጄ ላይ አኖሩ።

«ያቆሸሸ ያጸዳል» አሉ። «ፍርፋሪውን በቀስታ እያሸህ ነው። አባቴ እንዲህ ነበር የሚያደርገው። እጅህን መጀመሪያ ታጠብ።»

ታጠብኩ። ቀለሙ ደረቅ ዱቄት ስለነበረ በዳቦው ይለቃል፤ ትዕግሥት ግን ይፈልጋል፤ አንዱ ገጽ ግማሽ ቀን ይፈጃል። ካርቶኔ በጎርፉ ስለሄደ ዓይኔን ከጽሑፉ የምከለክልበት ነገር የለኝም። ይህንንም ነገርኳቸው።

«እግረ መንገድህን አንብበዋ!» አሉኝ፤ የሸንበቆ ስንጣሪም ሰጡኝ።

ትናንት ከሰዓት በኋላ ክር እየዘረጉ «የት ደረስህ?» ብለው ጠየቁኝ። ጣቴን አላዩም።

«ዐሥራ አንደኛው ገጽ።»

«ምን ይላል?»

ነገርኳቸው። አንድ ቦታ ላይ አርመው አቃኑኝ፤ ትክክል ናቸው።

ከዚያ በፊት ያሉት ዐሥሩ ገጾች ንጹሕ ናቸው። ማስረጃ የለኝም።